የመድኃኒት አስተዋዋቂን እንዴት እናስተናግድ?

በጥቁር አንበሳ አካባቢም ሆነ በፒያሳ ክሊኒኮች የሚሠራ ሐኪም የመድኃኒት አስተዋዋቂን (መድኃኒቱን እንዲያዝለት ሊያግባባው ኩባንያ የሚልከውን ሠራተኛ) ካርዳቸውን ይዘው በተሰለፉ ታካሚዎች ፊት ከማነጋገር ይልቅ ቀጠሮ ይስጠው፤ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።

አስተዋዋቂው ብሮሹሩን ዘርግቶ «የስትሮክን አደጋ በግማሽ ይቀንሳል» ሲል፣ ከስንት ወደ ስንት እንደ ቀነሰ ይጠየቅ፤ ከ100 ታካሚዎች 2 ይያዙ የነበሩት ወደ 1 ቢወርዱም ያው «ግማሽ» ይባላልና። የጎንዮሽ ጉዳቱንና ዋጋውን ሳይጠየቅ እምብዛም አያነሣም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር መስፈርት ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲያዝ ለማግባባት የሚሰጥ ጥቅም መስጠትም መጠየቅም እንደማይገባ ተደንግጓል። እስክሪብቶ እንኳ በትሕትና ይመለስ፤ እኔ ራሴ የአንድ መድኃኒት ስም በታተመበት እስክሪብቶ ወራት ሙሉ ማዘዣ ጽፌያለሁ።

ታካሚው የንግድ ስም ፍለጋ በቸርችል ጎዳና ከፋርማሲ ፋርማሲ እንዳይንከራተት፣ በማዘዣው ላይ ጀነሪክ ስሙ (ኩባንያው ያወጣለት ሳይሆን የንጥረ ነገሩ የወል ስም) ይጻፍ።