ሪአክሽኑ ሲቆም ኢንዛይም መጨመር፣ እና ሌሎች የሚደጋገሙ ስህተቶች

የአቶርቫስታቲንን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) የጎን ሰንሰለት በኢንዛይም መሥራት የቆየ ጥበብ ነው፤ ኮዴክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 የፕሬዚዳንቱን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት ያገኘው በዚሁ ነው። ኬቶሪዳክቴዝ ኤቲል 4-ክሎሮአሴቶአሴቴትን ወደ ኤስ-አልኮል (ከሁለቱ የመስታወት ምስል ቅርጾች ወደሚፈለገው) ይለውጣል። ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ ግሉኮስ እየበላ ኤንኤዲፒኤችን (ኬቶሪዳክቴዙ የሚጠቀምበትን ረዳት ሞለኪውል፣ ኮፋክተር) ያድሳል። ቀጥሎ ሃሎሃይድሪን ዲሃሎጂኔዝ ክሎሪኑን በሳያናይድ ይተካል። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት ከኢንዛይሙ ይልቅ በዙሪያው ባለው ነገር ነው፤ ጥፋቱን ግን በኢንዛይሙ ያላክካሉ።

ሪአክሽኑ ሲቆም ኢንዛይም መጨመር

ለውጡ 60 በመቶ ላይ ቀጥ ሲል ወዲያው «ኢንዛይሙ ሞተ» ይባልና ሌላ ዱቄት ይጨመራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ የተጨመረው ፕሮቲን ኋላ ስታጣሩ መከራችሁን ያበዛዋል፤ የቆመበት ምክንያትም ሳይታወቅ ይቀራል።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ። አንድ ሞል ኪቶን (መነሻው ውህድ) በተለወጠ ቁጥር ከግሉኮሱ አንድ ሞል ግሉኮኒክ አሲድ ይፈጠራል። 1 ኪሎ መነሻ ውህድ 6.07 ሞል ነው። በ10 ሊትር የ0.1 ሞላር ፎስፌት ባፈር (ፒኤቹን የሚያረጋጋ የጨው ውሃ) ብትሠሩ፣ ፒኤቹ ከ7 ወደ 6 እስኪወርድ ባፈሩ የሚሸከመው ግማሽ ሞል ያህል አሲድ ብቻ ነው። ከመነሻው ውህድ 8 በመቶ ያህሉ ሲለወጥ የባፈሩ አቅም አለቀ ማለት ነው። ቀሪው ሥራ የፓምፑ ነው፤ 243 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ በ4 ሞላር ሲለካ 1.5 ሊትር ገደማ፣ ፒኤቹ እየተጠበቀ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። «ባፈር አለኝ» ብሎ ፓምፕ ሳያያይዙ ማደር በጣም የተለመደው ጥፋት ነው።

ግሉኮሱንም ፈትሹ። በእጃችሁ ያለው ውሃ ያዘለው ሞኖሃይድሬት ሆኖ ሳለ እንደ ደረቁ አስባችሁ 1.09 ኪሎ ከመዘናችሁ ያገኛችሁት 5.5 ሞል ነው፤ ሪአክሽኑ 91 በመቶ ላይ ይቆማል፣ የዓለምን ኢንዛይም ሁሉ ብትጨምሩም አይንቀሳቀስም። 10 በመቶ ትርፍ ጨምራችሁ ደረቁን 1.2 ኪሎ፣ ሞኖሃይድሬቱን 1.3 ኪሎ ገደማ መዝኑ።

ከዚያም የፒኤች ኤሌክትሮዱን እንደገና አስተካክሉ፤ ፕሮቲን ሲለብስ ይዋሻል። ይህም ካልፈታው ከሪአክተሩ 5 ሚሊ ሊትር እየቀዳችሁ በአራት ብልቃጥ አስቀምጡ። በአንዱ ግሉኮስ፣ በሁለተኛው ትንሽ ትኩስ ኤንኤዲፒ (የኮፋክተሩ ያልታደሰ መልክ)፣ በሦስተኛው ኢንዛይም ጨምሩ። አራተኛውን በእኩል መጠን አዲስ ባፈር አቅጥኑት። የአራቱንም ፒኤች 7 ላይ ያዙና ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኩ። ሁለተኛው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ያለቀው ኮፋክተሩ ነው፤ ኤንኤዲፒኤች አሲድ ባለበት ይበላሻል፣ ፎስፌትም ብልሽቱን ያፋጥናል። አራተኛው ከነቃ ምርቱ ወይም መነሻው ውህድ ኢንዛይሙን እያፈነው ነውና ኪቶኑን በአንዴ ከማፍሰስ ቀስ እያላችሁ መግቡ። ኢንዛይም መጨመር የሚገባው ሦስተኛው ብቻ ሲነቃ ነው።

የፓምፑ መዝገብ ነፃ መለኪያ ነው፤ የገባው ቤዝ በሞል የተለወጠውን ኪቶን ይነግራችኋል። ኪቶኑ አልቆ ፓምፑ አሁንም ቤዝ ከጠየቀ ግን ኤስተሩ እየተሰነጠቀ ነው፤ ቶሎ አቁሙ።

በግሉኮስ ፋንታ አይሶፕሮፓኖል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የቆመው ኬሚካላዊ ሚዛን ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ከአይሶፕሮፓኖሉ የሚፈጠረውን አሴቶን በቫክዩም ወይም በናይትሮጅን ንፋስ አውጡ፣ አብሮ የተነነውን አይሶፕሮፓኖል ተኩ።

ቤዙን ጥግ ላይ ማፍሰስ

የ50 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በግድግዳው በኩል ሲወርድ ያገኘውን ኢንዛይም ሁሉ ያረጋዋል፣ ክሎሮኪቶኑንም ያበላሸዋል። አቅጥናችሁ፣ ማማሰያው አጠገብ፣ ከፈሳሹ ወለል በታች አስገቡት።

ምርቱን ካጠሩ በኋላ ኢኢ መለካት

ኢኢ ማለት አንዱ ኢናንቲዮመር (ከሁለቱ የመስታወት ምስል ሞለኪውሎች አንዱ) ከሌላው በስንት በመቶ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ክሪስታል ከሠራችሁ ወይም በሲሊካ ኮለም ካሳለፋችሁ በኋላ የምትለኩት የማጥሪያውን ውጤት ነው፤ ኢንዛይሙ ስለሠራው ምንም አይነግራችሁም። ናሙናውን ከሪአክተሩ በቀጥታ ወስዳችሁ ሙሉ በሙሉ በአሟሚ አውጡ። ራሲሚኩንም (የሁለቱን እኩል ቅይጥ) ከዚያው ኪቶን በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ሠርታችሁ ሁለቱ ፒኮች መለያየታቸውን ሳታዩ ቁጥር አትጻፉ። 99.5 በመቶ ኢኢ ማለት የማይፈለገው ኢናንቲዮመር 0.25 በመቶ ነው፤ ያን ያህል ጨምራችሁ መሣሪያችሁ እንደሚያየው አረጋግጡ። ኢኢው ዝቅ ካለ ደግሞ የኬቶሪዳክቴዙ ጂን የሌለበትን የኢ. ኮላይ (ኢንዛይሙ የሚመረትበት ባክቴሪያ) ጭማቂ ለብቻው ሞክሩት። የባክቴሪያው የራሱ ኢንዛይሞች በተቃራኒው እጅ ሊሠሩ ይችላሉ።

በላይፔዝ ስትለዩ 50 በመቶን እንደ ሕግ መያዝ

ላይፔዝ (ኤስተር የሚሰነጥቅ ኢንዛይም) ከራሲሚክ ቅይጥ አንዱን ኢናንቲዮመር ፈጥኖ ይለውጣል። የመምረጥ አቅሙ ኢ (የሁለቱ ፍጥነት ንጽጽር) 20 የሆነ ላይፔዝ 50 በመቶ ላይ ቢቆም ምርቱም የተረፈውም 79 በመቶ ኢኢ ገደማ ነው። የምትፈልጉት የተረፈውን ከሆነ እስከ 60 በመቶ ግፉት፣ 98 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የምትፈልጉት ምርቱን ከሆነ ቀድሞ ማቆም ብዙ አይረዳም፤ 40 በመቶ ላይ እንኳ 84 ነው፣ ስለዚህ ሌላ ኢንዛይም ፈልጉ። የማይፈለገውንም ግማሽ አትጣሉ። ፋይዘር ለፕሪጋባሊን (የነርቭ ሕመም መድኃኒት) በሠራው ሂደት ላይፔዙ የኤሱን ዳይኤስተር ብቻ ይሰነጥቃል፤ የቀረው የአሩ (የተቃራኒው እጅ) ዳይኤስተር በሶዲየም ኤቶክሳይድ ራሲሚክ ሆኖ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ኢመልሽኑን (ያልተለያየውን የውሃና የአሟሚ ድብልቅ) በመነቅነቅ ለመፍታት መሞከር

ይብስበታል። አሟሚው ከመግባቱ በፊት ሴላይት (የማጣሪያ ዱቄት) ጨምራችሁ አጥልሉ፣ ከዚያ በዝግታ አማስሉ።

የኢንዛይም ዱቄትን እንደ ዱቄት ማየት

የቀዘቀዘውን ጠርሙስ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱ፣ እርጥበት ይስባል። ስትመዝኑ ጭንብል አድርጉ፣ ብናኙ የዕድሜ ልክ አስም ሊያስይዝ ይችላል።

«ለስላሳ» የተባለውን የሳያናይድ ደረጃ ማቃለል

እዚህ ላይ ቸልታ ነፍስ ያስከፍላል። የድሮው ዘዴ በፒኤች 10 እና በ80 ዲግሪ ይሠራ ነበር፤ የኢንዛይሙ ዘዴ ገለልተኛ በሆነ ፒኤች ስለሚሠራ አደጋው የቀነሰ ይመስላል። ግን በፒኤች 7 ከሳያናይዱ ከ99 በመቶ በላይ የሚገኘው ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሆኖ ነው፣ እሱም በ26 ዲግሪ ይፈላል። ሪአክተሩ የተዘጋ፣ የሚወጣው ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ ማጠቢያ የሚያልፍ፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያው የሚሠራ መሆን አለበት። ማንም ብቻውን አይሥራ። ናሙናም በክፍት ብልቃጥ አይወጣም። ሲያልቅ የቀረውን ሳያናይድ ፒኤቹን ከ10 በላይ አድርጋችሁ በሃይፖክሎራይት አጥፉ፤ ነፃ ሳያናይድ አለመኖሩን ለክታችሁ ሳታረጋግጡ ፍሳሹን አትልቀቁ።