ግራፉ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ዝርዝሩ ውስጥ ሲጠፋ፦ የአርና የጂጂፕሎት2 ችግርና መፍትሄ

አር ለዳታ ትንተና የሚውል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፤ ጂጂፕሎት2 ደግሞ በእሱ ላይ ግራፍ የሚስል ፓኬጅ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ ኮንሶሉ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው።

ግሪድ.ኤልኤስ() አንድ ቃል ብቻ ያወጣል

ግራፉ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ነው፤ ዘንጉ፣ ነጥቡ፣ ርዕሱ ሁሉም አለ። አንዱን ጽሑፍ ለማዞር ወይም ቀለሙን ለመቀየር ፈልጋችሁ የስዕሉን ክፍሎች የሚዘረዝረውን ግሪድ.ኤልኤስ() ስትሉ ግን ኮንሶሉ «ሌይአውት» ብሎ ዝም ይላል። ግሪድ.ጌት() በሚለው በስም ስትፈልጉትም የሚመለሰው ኑል (ባዶ) ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስሙን የተሳሳተ መስሎት ሲደጋግም ይውላል።

ችግሩ ስሙ አይደለም። ጂጂፕሎት2 የሚስለው ከአር ጋር አብሮ በሚመጣው ግሪድ በተባለው ፓኬጅ ነው፤ ግሪድ ደግሞ ብዙ ነገር አስቀድሞ አያዘጋጅም። የወረቀቱ ስፋት ታውቆ ስዕሉ በሚሳልበት ቅጽበት ልጆቹን ኦብጀክቶች፣ ማለትም ጽሑፉን፣ መስመሩንና ነጥቡን፣ ይፈጥራል፣ ይስላቸዋል፣ ወዲያው ይጥላቸዋል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው እነሱን የያዘው ወላጅ ኦብጀክት ብቻ ነው። ይህ የታሰበበት አሠራር ነው፤ መስኮቱን ስታሰፉ ግራፉ ራሱን የሚያስተካክለው በዚህ ምክንያት ነውና።

መፍትሄው ከአር 3.0.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 ወዲህ፣ ያለው ግሪድ.ፎርስ() ነው፤ ልጆቹን ፈጥሮ መዝገቡ ላይ ያስቀራቸዋል። ግራፉ ከተሳለ በኋላ ጥሩትና ግሪድ.ኤልኤስ()ን ድገሙት፤ ዝርዝሩ ይረዝማል። «ፓነል.7-5-7-5» የሚመስሉ ስሞች ታያላችሁ። ቁጥሮቹ ክፍሉ በሰንጠረዡ ላይ ያለበት ቦታ ናቸው፤ ከላይ፣ ከቀኝ፣ ከታች፣ ከግራ። አቀማመጡ ሲቀየር ወይም የፓኬጁ ስሪት ሲታደስ ቁጥሮቹም ይለወጣሉ። ስለዚህ ሙሉውን ስም ኮዳችሁ ውስጥ አትጻፉት፤ በስሙ ከፊል መፈለግ የሚያስችለውን «ግሬፕ» የተባለ አማራጭ ትሩ አድርጋችሁ በ«ፓነል» ብቻ ፈልጉ።

ስክሪን ላይ ያረምኩት ፋይሉ ላይ የለም፣ ወይም ተዛብቷል

ይህኛው ብዙ ጊዜ የሚያባክን ነው፤ መንስኤውም ከአንድ በላይ ነው።

ፋይሉ ላይ እርማቱ ጭራሽ ከሌለ ያስቀመጣችሁት የጂጂፕሎት2 የማስቀመጫ ትእዛዝ በሆነው በጂጂሴቭ() ሊሆን ይችላል። ጂጂሴቭ() ስክሪኑን አይገለብጥም፤ ዋናውን ግራፍ ከአዲስ ይስለዋል። እናንተ ያረማችሁት ስክሪኑ ላይ የነበረውን ቅጂ ነው።

እርማቱ ኖሮ ጽሑፎቹ ከተደራረቡ ደግሞ ፎርስ ያደረጋችሁት በሌላ መጠን ነው። ፎርስ የተደረገ ኦብጀክት በዚያች ቅጽበት ልክ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ራሱን አያስተካክልም። አንድ የምትደበቅ ወጥመድ አለች፦ ስክሪፕቱን ያለ ኮንሶል በአርስክሪፕት ስታስኬዱና ምንም መሳያ (ስዕሉ የሚያርፍበት መስኮት ወይም ፋይል) ሳትከፍቱ አር በራሱ «አርፕሎትስ.ፒዲኤፍ» የሚባል 7 በ7 ኢንች ፋይል ይከፍታል። ልኬቱ ሁሉ የሚሰላው በእሱ ነው። የመጨረሻው ፋይላችሁ 10 በ4 ከሆነ ውጤቱን ገምቱት።

ፒዲኤፉ ሁለት ገጽ ከሆነ፣ አንዱ ያልታረመ ሌላው የታረመ፣ የማረሚያው ትእዛዝ ግሪድ.ኤዲት() ካረመ በኋላ ሁሉንም በአዲስ ገጽ መልሶ ስለሚስል ነው።

ለሦስቱም የሚሠራው ቅደም ተከተል አንድ ነው። መጀመሪያ ፒዲኤፉን በመጨረሻው ስፋትና ቁመት ክፈቱ። ግራፉን በጂጂፕሎትግሮብ() ወደ ኦብጀክት ቀይሩት። ፎርስግሮብ() አድርጉት፣ በኤዲትግሮብ() አርሙት፣ በግሪድ.ድሮው() አንዴ ሳሉት፣ መሳያውን ዝጉ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ግሪድ.ሪቨርት() ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ እርማቱ ግን አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ የእርማቱን ኮድ አስቀምጡ።

የጂጂሪፐል ሌብሎች ይጠፋሉ ወይም ቦታ ይቀያይራሉ

ጂጂሪፐል የነጥቦች ስሞች (ሌብሎች) እንዳይደራረቡ የሚያደርግ የጂጂፕሎት2 ተጨማሪ ፓኬጅ ነው፤ ጽሑፎችን እየገፋፋ ቦታ የሚፈልግላቸውም ስዕሉ በሚሳልበት ቅጽበት ነው። በትልቅ ስክሪን የታየ ስም ትንሽ ፋይል ላይ ቢጠፋ፣ ቦታ ጠቦ መደራረቡ ከገደቡ ስላለፈ ነው፤ ገደቡ ካልነካችሁት 10 ነው። «ማክስ.ኦቨርላፕስ»ን ኢንፍ (ገደብ የለሽ) አድርጉት። በየጊዜው ቦታ ከቀየረ «ሲድ» ስጡት፤ የዘፈቀደ ምርጫውን የሚያጸና ቁጥር ነው።

የሌብሉን ትክክለኛ ቦታ በቁጥር ለማውጣት ፎርስ ካደረጋችሁ በኋላ መጀመሪያ ወደ ፓነሉ ቪውፖርት (ግሪድ የሚስልበት የወረቀቱ ክፍል) ውረዱ፣ ከዚያ አግድም ልኬትን የሚቀይረውን ኮንቨርትኤክስ() በሉ። ከፓነሉ ስፋት አንጻር ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ እንጂ ዳታችሁን አይደለም። ወደ ዳታ ስትመልሱ የዳታውን ጫፍ ሳይሆን የፓነሉን ጫፍ ውሰዱ። ለምሳሌ ዳታው ከ1990 እስከ 2020 ከሆነ ጂጂፕሎት2 በየጎኑ 5 በመቶ ስለሚጨምር ፓነሉ ከ1988.5 እስከ 2021.5 ነው። 0.1 ማለት 1991.8 ነው፤ በዳታው ጫፍ ብታሰሉት 1993 ይወጣና ከዓመት በላይ ትስታላችሁ።

ፎርስ አድርጌም ምንም አልወጣ

ኦብጀክቱን የጻፈው ሰው ድሮውዲቴይልስ() የሚለውን የቆየ መንገድ ተጠቅሞ ይሆናል። እሱ በቀጥታ ይስላል እንጂ ልጆች አይተውም፤ ፎርስ የሚያወጣው ነገር የለም። ኮዱ የእናንተ ከሆነ ስሌቱን ወደ ሜክኮንቴንት() አዛውሩት፣ ልጆቹን በሴትቺልድረን() አስገቡና የተቀየረውን ኦብጀክት መልሱ። ቪውፖርት መለወጥ ካስፈለገ ቦታው ሜክኮንቴክስት() ነው።

የራሳችሁ ፓኬጅ ውስጥ ጽፋችሁት ስዕሉ ባዶ ከሆነና ኤረርም ካልመጣ፣ ሜተዱ፣ ማለትም ለኦብጀክታችሁ የጻፋችሁት ሜክኮንቴንት()፣ የፓኬጁ ኔምስፔስ ፋይል ላይ በኤስ3ሜተድ() መመዝገቡን እዩ። ካልተመዘገበ ግሪድ አያገኘውም፤ ነባሪውን ይጠራል፣ እሱ ደግሞ ኦብጀክቱን እንዳለ ይመልሰዋል።