ፈረስ ቆሞ የሚሄድ ጭነት ነው፦ በተሳቢ ለማጓጓዝ የሚረዳ ተግባራዊ መመሪያ

እህል የጫነ ተሳቢ ኩርባ ላይ ቢያዘነብል ጆንያው ባለበት ይቆያል። ፈረስ ግን መንገዱን ሁሉ እግሩን ዘርግቶ፣ ጡንቻውን ገትሮ፣ በየፍሬኑና በየጉድጓዱ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው የሚያልፈው። ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ስለሆነ፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ የቀረውም ወደ ፊት ይሄድበታል። አውቶቡስ ውስጥ ምንም ሳይዙ፣ መንገዱንም ሳያዩ መቆም ምን እንደሚመስል ያስቡ። ከክብደት ስሌት እስከ ገመድ አስተሳሰር ድረስ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ክብደቱን በዓይን አይገምቱ

ሚዛን ባይኖርም ሜትር ይበቃል። የደረቱን ዙሪያ ከጫንቃው ኋላ፣ የኮርቻው ጠፍር በሚያልፍበት ቦታ ይለኩ። ከዚያ ርዝመቱን ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ይለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ11,880 ያካፍሉ፤ የሚመጣው ኪሎ ግራም ነው። ዙሪያው 175፣ ርዝመቱ 165 የሆነ ፈረስ 425 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

አሁን ደምሩት። ባዶው ተሳቢ 1,100 ኪሎ፣ አንዱ ፈረስ 425፣ ሌላው 480፣ ውሃ፣ ድርቆሽና ኮርቻ 100 ኪሎ ቢሆን 2,105 ኪሎ ይደርሳል። የመኪናው አምራች እስከ 2,200 ይጎትታል ካለ በወረቀት ላይ ይበቃል ማለት ይቻላል፤ በዳገትና በቁልቁለት ግን አይበቃም። ቢያንስ አንድ አምስተኛ ትርፍ መተው ይሻላል፤ ለዚህ ጭነት 2,650 ኪሎና ከዚያ በላይ መጎተት የሚችል መኪና ያስፈልጋል። መኪናው፣ መጎተቻ ብረቱ፣ ኳሱ (ተሳቢው የሚያያዝበት ክብ ብረት) እና ተሳቢው እያንዳንዳቸው የራሳቸው የክብደት ጣሪያ አላቸው። የሚገዛዎት ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው።

ተሳቢው በኳሱ ላይ ቁልቁል የሚጥለው ክብደትም አለ። በተለመደው የኋላ ኳስ ለሚጎተት ተሳቢ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፤ በምሳሌያችን ከ210 እስከ 315 ኪሎ መሆኑ ነው። አንዳንድ መኪናና መጎተቻ ከዚህ ያነሰ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ የሚሠራው ብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ይህ ክብደት ሲያንስ ተሳቢው ጭራውን መቁላት ይጀምራል። ሲበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፤ መሪውም ፍሬኑም ይሰንፋል።

ሲያያይዙ

ኳስ ሁሉ አንድ አይደለም። 50 ሚሊ ሜትር አለ፣ 2 ኢንች አለ፣ 2 ከ5/16 ኢንች አለ። አደገኛው ስህተት ሰፊውን የተሳቢ አፍ (ኳሱን የሚጎርሰውን መያዣ) ትንሽ ኳስ ላይ ማግባት ነው፤ ምክንያቱም ይዘጋል፣ የያዘም ይመስላል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ዘልሎ ይወጣል። ስለዚህ ከቆለፉ በኋላ የተሳቢውን የፊት ክሪክ መልሰው ጥቂት ከፍ ያድርጉት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል፤ አፉ ብቻውን ከተነሣ አልያዘም። ይህን ፈተና ፈረስ ሳይጫን ያድርጉት።

ሰንሰለቶቹን ከአፉ ሥር አመሳቅለው ያስሩ። አፉ ከኳሱ ቢወጣ የተመሳቀለው ሰንሰለት እንደ ቅርጫት ይቀበለዋል፤ መሬት ገብቶ ከመተከል ያድነዋል። ለመጠምዘዝ የሚበቃ ልቀት ይኑረው፣ አስፋልት ግን አይንካ። ተሳቢው ሲለያይ ፍሬኑን የሚያሲዘውን ቀጭን ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር እንጂ ከኳሱ ወይም ከሰንሰለቱ ጋር አያስሩት፤ ኳሱ ራሱ ተነቅሎ ከወጣ ሽቦው አብሮት ይሄድና ምንም አይጎትትም። ፍሬኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ በዚህ ሽቦ ጫፍ ያለውን ፒን ነቅለው መኪናውን በቀስታ ወደ ፊት ያስጠጉ፤ የተሳቢው ጎማዎች መቆለፍ አለባቸው። ካልቆለፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተሳቢው ባትሪ ነው። ፒኑን ቶሎ ይመልሱት፣ አለበለዚያ ባትሪው ያልቃል።

ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና ስፖኪዮ ሰው አቁመው ይፈትሹ።

ጎማና ወለል

የተሳቢ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚያረጀው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ጎኑ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ያጋጥማል። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው። ጥርሱ ቢያምርም ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲሞላው ይቀየር። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሣትዎ በፊት ይለኩ። የላላ ጎማ ይሞቃል፣ የሞቀ ይፈነዳል። ጎማ የተቀየረ እንደሆነ ዳዶዎቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ያጥብቁ።

ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ቆመው የእጅዎን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ ጨርሷል፣ ወይ ፍሬኑ ተጣብቋል። እንዲህ ሆኖ መቀጠል ጎማውን ከነቸርኬው ሊያስነቅል ይችላል።

ወለሉ ላይ ግን ጊዜ ይውሰዱ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሽንት በጎማ ምንጣፉ ጠርዝ ሰርጎ ሳንቃውን ከታች ያበሰብሳል፤ ከላይ ሲታይ ግን ምንም የለውም። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ካቻቢቴ ይያዙና እያንዳንዱን ሳንቃ በተለይም ጠርዙንና ቡሎኑ የገባበትን ቦታ ይውጉት። ጤነኛ እንጨት ካቻቢቴውን ይመልሰዋል፣ ድምፁም ደረቅ ነው። ጫፉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ከሰመጠ ያ ሳንቃ ይቀየር፤ የፈረስ እግር ሰብሮት ከወጣ የሚያርፈው በሚሮጥ አስፋልት ላይ ነው። ከሥር ገብተው መሸከሚያ ብረቶቹንም ለዝገት ይዩ። የአሉሚኒየም ወለል ባይበሰብስም በሽንት ይበላል፤ ነጭ ዱቄትና ጥቃቅን ጉድጓድ ምልክቱ ነው።

አጫጫን

ፈረሱ አንድ ከሆነ ወይም አንዱ ከበደ ካለ፣ ከባዱ በመንገዱ መሐል በኩል ባለው ክፍል ይቁም፤ መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ ማለት ነው። መንገድ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ጠርዙ ያዘነብላል፤ ክብደቱ በጠርዙ በኩል ከሆነ ተሳቢው ወደ ቦዩ ይሳባል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

1. ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አያይዘው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ውስጡ እንዲበራ ያድርጉ። ፈረስ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ እውነቱን ነው።
2. ፈረሱን ቀጥ አድርገው ይምሩ። ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ። ከቆመ አይጎትቱት፤ ገመዱን በልኩ ወጠር አድርገው ይጠብቁና አንድ እርምጃ ሲሰጥዎ ወዲያው ያላሉለት። እሺ ማለት እንደሚያሳርፈው የሚማረው ከዚህች መላላት ነው።
3. ገብቶ ሲቆም የኋላ አግዳሚው፣ ማለትም ከፈረሱ ኋላ የሚያልፈው ዘንግ፣ ይዘጋ። የሚዘጋው ሰው ከጎን እንጂ ከፈረሱ በስተኋላ አይቁም።
4. ከዚህ በኋላ ብቻ ጭንቅላቱን ያስሩ፤ ቀጥሎ መወጣጫው ይነሣ።

ሲያወርዱ ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ይፈታል፣ ከዚያ አግዳሚው ይከፈታል። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። የታሰረ ፈረስ ከኋላው መከፈቱን ሲያውቅ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ገመዱ ጫፍ ሲደርስ ይያዛል፤ ሲያዝ ይደነግጥና ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይወረውራል። ጣሪያው ደግሞ ብረት ነው።

ገመዱን ብረቱ ላይ በቀጥታ ሳይሆን፣ በብርቱ ሲጎተት በሚበጠስ የድርቆሽ ሲባጎ ቀለበት ላይ፣ በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ያስሩ። ፈረሱ ጭንቅላቱን እስከ ደረቱ ዝቅ ማድረግ ይቻለው፣ እግሩን ግን ማሻገር አይቻለው። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ አቧራና ንፍጥን ከመተንፈሻው የሚያስወጣው ደግሞ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ለብዙ ሰዓት ከፍ ብሎ የታሰረ ፈረስ ሳንባው የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

በመንገድ ላይ

ቀስ ብለው ይነሡ፣ ከሩቅ አይተው ፍሬን ይያዙ። ከፊትዎ ካለው መኪና ቢያንስ የ6 ሰከንድ ርቀት ይተዉ። ኩርባ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፤ ነዳጅ መልሰው የሚሰጡት ተሳቢው ጭምር ቀጥ ካለ በኋላ ነው፤ ብዙ ሾፌር መኪናው ሲቀና ይረግጥና ገና ኩርባው ላይ ያለው ፈረስ ይንገዳገዳል። በቁልቁለት አስቀድመው በከባድ ማርሽ ይግቡ፤ ፍሬን ረግጠው የወረዱ እንደሆነ ግሎ መያዝ ያቆማል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውንም አያወዛውዙ። እግርዎን ከነዳጅ ያንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ የተሳቢው ፍሬን ለብቻው የሚሠራ ከሆነ እሱን በቀስታ ይያዙ።

የአየር ማስገቢያዎቹ በብርድም ክፍት ይሁኑ፤ ፈረስ ሙቀት ያመነጫል፣ የሽንቱ ጭስም ሳንባ ይቆጣል። በመስኮት ጭንቅላቱን ማውጣት ግን የለበትም። በየ3 እና 4 ሰዓቱ ጥላ ፈልገው ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ይቁሙ፤ ውሃ ይስጡ፣ ፈረሱን ግን መንገድ ዳር አያውርዱት። ሰው ከፈረስ ጋር ተሳቢ ውስጥ በፍጹም አይጓዝ።

ጎማ ከፈነዳም ፈረሱ ውስጥ እንዳለ ይቀየራል። ተሳቢው በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ካለው ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ያላሉ፤ ደህናውን ጎማ ወፍራም ሳንቃ ላይ ነድተው ያውጡት፤ የፈነዳው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ክሪክም አያስፈልግም። ፈረስ ውስጥ ከወደቀ የኋላውን በር አይክፈቱ፣ አብረውትም አይግቡ፤ በትንሹ የጎን በር ገመዱን በቢላ ቆርጠው እርዳታ ይጥሩ። ቢላው ከመኪናው መሣቢያ አይጥፋ።

ቀለብና ጤና

ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ የበላው የሚሄደው ወደ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ከጉዞ በፊት እህል ያሳንሱ፣ ድርቆሽ ያብዙ፣ ለአቧራው ውሃ ይርጩበት። በመደበኛ ቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ደረቅ መኖ ይበቃዋል፤ ለ425 ኪሎው ፈረስ ከ6.4 እስከ 8.5 ኪሎ ይሆናል። ውሃ እንደ ሙቀቱና እንደ ሥራው በቀን ከ20 እስከ 45 ሊትር ይጠጣል። ሰኮናውን በየቀኑ ያጽዱ፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንት ባለሙያ ይከርክመው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ጊዜው አይለፍ።

ፈረስዎ ጤነኛ ሳለ ቁጥሮቹን ጽፈው ይያዙ። ለአዋቂ ፈረስ የሰውነት ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ሳያርፍና ሳይረጋጋ አይቁጠሩ፤ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ይሆናል። ምቱን በመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ድዱን በጣት ሲጫኑት ነጥቶ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልኩ መመለስ አለበት።

ከወረደ በኋላ ለ10 ደቂቃ በእርምጃ ያንቀሳቅሱት፣ ውሃ ያቅርቡለት፣ ፋንድያ መጣሉን ይከታተሉ። መሬት መቆፈር፣ ጎኑን ዞሮ ማየት፣ መንከባለልና ፋንድያ መቅረት የሆድ ቁርጠት ምልክቶች ናቸው፤ ቀለቡን አንሥተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፣ ከራስዎ መድኃኒት አይስጡ። ረጅም ጉዞ ከሆነ ለ3 ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ይለኩ፤ የሳንባ ሕመሙ የሚገለጠው ሲደርስ ሳይሆን ከቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ከ38.5 በላይ ሆኖ ቀለቡን ከተወ ሐኪም ይየው።

በዚያው ቀን ፋንድያው ተጠርጎ ወለሉ ይታጠብ። ምንጣፉን ግድግዳው ላይ ያቁሙት፤ የሚመለሰው ሳንቃው ከደረቀ በኋላ ነው።