ባለሀብቱ ሎጅ ሊሠራ ሰፈራችሁ ሲመጣ

ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ሲበዛ ባለሀብት ይመጣል፤ ጥሩ ማረፊያ ሲሠራ ደግሞ እንግዳው ሁለት ሌሊት ጨምሮ ያድራል። ስለዚህ የውጭ ባለሀብት መጣ ሲባል ደስ ይለኛል። ግን መሠረቱ ሳይቆፈር የምንነጋገረውን በደንብ መነጋገር አለብን። ከተቆፈረ በኋላ ሰሚ የለም።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። በር ላይ የሚሰቀለው ስም ስለ ባለቤቱ ብዙም አይነግራችሁም። የአዲስ አበባው ሸራተን የሼክ መሐመድ አል አሙዲ ነው፤ ስሙ ግን የውጭ ነው። እንዲህ ባለው አሠራር የውጭው ኩባንያ ሆቴሉን ያስተዳድርና ክፍያውን ይወስዳል። ስለዚህ ገንዘቡን የሚያመጣው ማን ነው? የሚያስተዳድረውስ? እንግዳ የሚልከውስ? ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛውን አትርሱት። እንግዳው አውሮፓ እያለ ሙሉ ጉዞውን ከፍሎ ከመጣ፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው።

ፈቃዱንም እዩ። በ2012 በወጣው የኢንቨስትመንት ሕግ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር ማምጣት አለበት፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተሻረከ 150,000። የኮከብ ደረጃ የሌለው ሎጅ፣ ገስት ሃውስና ፔንሲዮን ደግሞ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተተወ ነው። «በአንተ ስም ላውጣው» የሚል ሰው ከመጣ ስማችሁን አታውሱ። ዕዳውም ግብሩም የሚመጣው እናንተ ላይ ነው። ሕግ ስለሚሻሻል የወቅቱን ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጠይቁ።

መሬት ላይ ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ካሳ ብቻ ነው። የገጠር መሬት ሕጉ ግን ባለይዞታው ከባለሀብት ጋር ውል ይዞ አብሮ እንዲያለማ ይፈቅዳል። ውሉ በሚመለከተው አካል ጸድቆ መመዝገብ አለበት። ካሳ አንዴ ተበልቶ ያልቃል፤ ድርሻ ከሎጁ ጋር ይቀጥላል። ሽርክና በከተማችንም ታይቷል፤ ቤን አበባ ምግብ ቤት የስኮትላንዳዊቷ ሱዛን አይችሰንና የኢትዮጵያዊው ሀብታሙ ባዬ ሥራ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ወጥ ቤቱ። ሎጅ በየቀኑ እንቁላል፣ ማር፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ ይገዛል። እኛ ካላቀረብን ቲማቲሙ ከቆቦ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ይመጣል። ሼፉ ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱ የሚፈልገው በየቀኑ ያው መጠን፣ ያው ጥራት፣ ከደረሰኝ ጋር ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን አይችልም። ስለዚህ ሕንፃው ገና ሲጀመር ተደራጁ። ማኅበር መሥርቱ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርና ደረሰኝ አውጡ። ቲን ከሌላችሁ ገዢው ከክፍያው ብዙ ቆርጦ ለግብር ያስቀራል። ግንባታው ጊዜ ስለሚወስድ ዶሮውንም ጓሮውንም እስከዚያ ታደርሳላችሁ። የመግዣ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ ለምኑ፤ ምን እንደምትተክሉ ከዚያ ታውቃላችሁ። ሌላም አለ፤ ሆቴል ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ወር ቆይቶ ነው። ማኅበሩ ያን ወር የሚሻገርበት ገንዘብ ከሌለው ሁለተኛው ወር ላይ አባላቱ ይበተናሉ። በቅሎ ያላችሁም እንዲሁ ተራችሁን አበጁ። እንግዳ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ሲወጣ ሎጁ የማኅበሩን በቅሎ እንዲጠራ ከወዲሁ ተስማሙ።

በሥራ ቅጥር ላይ «ለአካባቢው ወጣት ዕድል ይሰጣል» የሚለው ቃል አይብቃችሁ። ጥበቃና ጽዳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሪሴፕሽን፣ ሒሳብና ማብሰል ስንት ልጆች ይሠለጥናሉ? የውጭ ሠራተኞችን ኢትዮጵያውያን እንዲተኩ ማሠልጠን በሕጉም የባለሀብቱ ግዴታ ነው። መቼ እንደሚተኩ ይጻፍ።

በመጨረሻ ስለ ክፉ ቀን ተነጋገሩ። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ እንግዳ ቀረ። ሎጁ ቢዘጋ ሠራተኛው ምን ይከፈለዋል? መሬቱ ስንት ዓመት ጾሙን ሲያድር ይመለሳል? ለማን? ይህ ሁሉ በውሉ ይግባ። ከውሉም አንድ ቅጂ ቀበሌ፣ አንድ ቅጂ እናንተው ቤት ይቀመጥ።