ዚንክ የአፍ ጠረንን በደንብ እንዲያጠፋ እንዴት እናግዘው?

ማስቲካ መጥፎ ጠረንን ለጥቂት ደቂቃ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ የሚገባው ዚንክ የተባለው ማዕድን ግን ይለያል። አፍን የሚያሸቱት ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈርሱ የሰልፈር ጋዝ ይወጣል፤ አንዱ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ዚንክ ሰልፈሩን ይይዘውና ጋዝ ሆኖ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ባክቴሪያን በመግደል በኩል ግን ብቻውን ያን ያህል አይደለም። አጋዥ ይፈልጋል።

1. መንገዱን ጥረጉለት። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚከማቹት በምላስ የኋለኛው ክፍል ላይ ነው። እዚያ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን ካለ ዚንኩ ከላይ ከላይ ያልፋል። በምላስ መፋቂያ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ እያላችሁ ፋቁ፤ በየመሀሉ መፋቂያውን እጠቡት። ካቅለሸለሻችሁ አየር ወደ ውጭ እየተነፈሳችሁ ሞክሩ። በጥርስ መሀል ደግሞ ክር አስገቡ።

2. የመጉመጥመጫውን ጠርሙስ ጀርባ አንብቡ። ዚንክ ክሎራይድ፣ ዚንክ አሲቴት ወይም ዚንክ ላክቴት የሚል ፈልጉ፤ እነዚህ በውሃ ይሟሟሉ። አብሮት ሲቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ወይም በትንሽ መጠን ክሎርሄክሲዲን ካለበት የምትፈልጉትን አገኛችሁ። እነሱ ባክቴሪያውን ይመታሉ፣ ዚንኩ ጋዙን ይይዛል። ዚንክ እንክብል በጥብጦ መጉመጥመጥ ግን ይቅርባችሁ። ዚንክ አብዝቶ ለረጅም ጊዜ መዋጥም የሰውነትን መዳብ ያሳጣል።

3. ሰዓቱን ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የብዙ ጥርስ ሳሙናዎች አረፋ የሚመጣው ከሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ነው፤ እሱ ደግሞ ባክቴሪያውን የሚመቱትን ሁለቱን አጋዦች ያዳክማል። ስለዚህ ከቦረሻችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ አጥባችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ 30 ሰከንድ ተጉመጥመጡ፤ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋችሁ ጉሮሮ አካባቢም አድርሱት። ትፉት፣ አትዋጡት። ወዲያው ውሃ ከጠጣችሁ ግን ሥራው ሊቀንስ ይችላል። ምርጡ ሰዓት ከመኝታ በፊት ነው፤ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያዎቹ ይፈነጫሉ።

የብረት ብረት የሚል ጣዕም ቢቀር አትደንግጡ፣ የዚንኩ ነው። ክሎርሄክሲዲን ግን ሲቆይ ጥርስ ያጠቁራል፤ የጥርስ ሐኪም ካላዘዘ ለረጅም ጊዜ አትያዙት። ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ደግሞ መጉመጥመጫ መቀያየሩን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። በድድና በጥርስ መሀል ኪስ ተፈጥሮ ከሆነ የትኛውም መጉመጥመጫ እዚያ ድረስ አይገባም።