ልጅ ሲያስቀምጠው፦ ዓይነ ምድሩን አይቶ ማስታመም

በምዕራብ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የማክም ነርስ ነኝ። ክረምት ገብቶ ጎርፉ ምንጮቻችንን ሲያደፈርስ ክፍሌ ተቅማጥ በያዛቸው ልጆች ይሞላል። እናቶችን አስቀድሜ የምጠይቀው የዓይነ ምድሩን መልክ ነው፤ አንጀት ውስጥ ምን እንደተበላሸ የሚነግረኝ እርሱ ነውና። ስለዚህ ጨርቁን ከማጠባችሁ በፊት እዩት።

እንደ ውሃ ቀጥኖ በብዛት የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ያለው ትንሹ አንጀት ላይ ነው። ሮታ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ይህን ያመጣል፤ ክትባቱ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ስለሚሰጥ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት አታስተጓጉሉት። ከሁሉ የሚብሰው ኮሌራ ነው። የጀርሙ መርዝ የአንጀት ሴሎች ጨውና ውሃ ያለማቋረጥ እንዲያፈሱ ያስገድዳል፤ ልጁን የሚገድለውም ይህ የፈሳሽ መጉደል ነው። መርዙ ግን አንድ በር መዝጋት አይችልም። ግሉኮስ የተባለው ስኳር ወደ ሴሉ ሲገባ በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም አስከትሎ ይገባል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ የሚሠራው በዚህ በር በኩል ነው። ባዶ ውሃ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስበው ተቅማጡን ያባብሳሉ።

አንዱን ፓኬት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት። ውሃውን መቀነስ ጨውን ያበዛል፣ ለልጁም አደገኛ ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በብርጭቆ ጥቂት በጥቂት ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በዝግታ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ዚንክም ለ10 ቀን ይወሰዳል፤ ስድስት ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ላልሞላው ግማሹ። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን አብሮ ማቆም ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ነው።

ደም ካያችሁ ግን አትጠብቁ። ትልቁ አንጀት ቆስሏል፣ ብዙ ጊዜም መንስኤው ሺጌላ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል የተባለ መድኃኒት ሺጌላን አይገድልም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

ሦስተኛው መልክ የተዘነጋው ነው፦ ቅባት ያለው፣ የነጣ፣ እጅግ የሚከረፋ ዓይነ ምድር። ልጁ ይበላል፣ ነገር ግን ይከሳል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ በግ አጎዛ ጥቅጥቅ ባሉ ጥቃቅን ዘርፎች የተሸፈነ ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባውም በእነርሱ ነው። ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ እነዚህን ዘርፎች ሲጎዳቸው ስቡ ሳይመጠጥ ያልፋል። ከከባድ ተቅማጥ በኋላም የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ለጊዜው ስለሚያንስ የላም ወተት አረፋማና ጎምዛዛ ሽታ ያለው ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ዓመት ያለፈው ልጅ በወተት ፋንታ እርጎ ይሻለዋል። የእናት ጡት ግን በጭራሽ አይቋረጥ።

«ሆዱ ይረፍ» ብለው ምግብ የሚከለክሉ ዕድሜ የጠገቡ እናቶቻችን በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ሆኖም የአንጀት ሴሎች በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታደሱት ምግብ ሲያገኙ ነው። ገንፎ ወይም ቅቤ ጠብ ያለበት የተፈጨ ድንች ስጡት፤ ከዳነም በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ገበታ ጨምሩለት። «ግግ ነው» ተብሎ ድዱን ማስነቀልን ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ። ተቅማጡን አያቆምም፤ ቁስሉ ይደማል፣ ይመረቅዛልም።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ኦአርኤሱን በመንገድ ላይ እየሰጣችሁ ሩጡ። 14 ቀን የዘለቀ ተቅማጥም ምርመራ ይሻል። አልፎ አልፎ መንስኤው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ ጤፍና ዳጉሳ ግሉተን የላቸውም። ይህን ከጠረጠራችሁ ስንዴውን በራሳችሁ አታቋርጡት፣ ከተቋረጠ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላልና።