«ራም ጨምርልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ሱቅ ሲመጣ ቃሉ አንድ ነው፦ «ራም ጨምርልኝ»። ራም ማሽኑ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ማስታወሻ ነው። አሁን ስንት አለው ሲባል አያውቀውም። ምን ትሠራበታለህ ሲባል ወርድ፣ ኤክሴል፣ ክሮም፣ ሲደብረው ዩቲዩብ። ኬዙ ይከፈታል፤ 8 ጊጋ ራም ቁጭ ብሏል። ከሥሩ ደግሞ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ከማሽኑ ጋር ከውጭ የመጣው ሀርድ ዲስክ እየተንገጫገጨ ይሽከረከራል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። በየቢሮውና በየቤቱ ካሉት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ናቸው፤ ውጭ አገር ቢሮ አገልግለው እዚህ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የሚሸጡ። 3ኛ ወይም 4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ለቢሮ ሥራ ዛሬም አይታማም። ማሽኑን አንቆ የያዘው ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሀርድ ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ መቶ አካባቢ ቢያነብ ነው፤ ሳህኑ ዞሮ ፋይሉ ያለበት ቦታ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያነባል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ ትንንሽ ፋይል ነው፤ ያውም በሺህ የሚቆጠር። 16 ጊጋ ብትሰኩበትም ራሙ ባዶውን ተቀምጦ ዲስኩን ይጠብቃል እንጂ ሌላ የሚያደርገው የለም።

ለማረጋገጥ ባለሙያ አያስፈልግም። ማሽኑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) 10 እና 15 ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። «ሜሞሪ» ከ90 ካለፈና ዲስኩም አብሮ ከተሰቀለ ግን ራሙ ሞልቶ የተረፈውን ዲስኩ ላይ እየደፋ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ያስፈልጋል። 4 ጊጋ ብቻ ያለው ማሽን ላይ አልከራከርም፣ ወደ 8 ይግባ። ከዚያ በላይ ለተራ ቢሮ ሥራ ከኤስኤስዲ በፊት አይታሰብም።

አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ማሽናቸውን አምጥተው ነበር፤ ከ4 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 16 አስጨምረውለታል። «አብርቼው ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየከፈተ ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ራሙ በቂዎ ነው፤ ኤስኤስዲ ልግጠምልዎት?» ስላቸው «ልጄ፣ ራም ነው ያሉኝ እኮ ባለሙያዎች ናቸው» ብለው ትንሽ ተቆጡ። ተገጥሞ ሲበራ መነጽራቸውን አውጥተው እስኪያደርጉ የዊንዶውሱ ገጽ መጥቶ ነበር። ዝም ብለው ኬዙን አዞሩና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የጻፉትን የቢሮ ቁጥር አዩ፤ ማሽኑ የሳቸው መሆኑን ለማረጋገጥ።

ኤስኤስዲ ግዙ ሲባል ደግሞ ኤንቪኤምኢ (የራሱ መሰኪያ የሚፈልግ የኤስኤስዲ ዓይነት) ይዞ የሚመጣ አለ፤ «ከሁሉም ፈጣኑ ነው ተብዬ»። የ2ኛ፣ የ3ኛና የ4ኛ ጀነሬሽን ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ መሰኪያው የላቸውም። በአዳፕተር ቢሰካም ባዮሳቸው (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ከሱ ላይ ዊንዶውስ ማስነሳት ብዙውን ጊዜ እምቢ ይላል። እንደ ሀርድ ዲስኩ በኬብል የሚሰካው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይበቃችኋል። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ» ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ውስጡ ትንሽ ፍላሽ ሆኖ ለዊንዶውስ 2 ቴራ ነኝ እያለ የሚዋሽ ሞልቷል፣ ፋይሉ የሚጠፋው ሲሞላ ነው። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጥግ ሞልቶ ያጋልጠዋል። ያገለገለ ከሆነ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጤናውንና የሠራበትን ሰዓት ሻጩ ፊት እዩ።

አሁን ደም ወደሚያፈላው። «ዳታዬ ዲ ላይ ነው፣ ሲን ፎርማት አድርገው» ይላል ደንበኛው። ሲና ዲ የዲስኩ ክፍሎች ናቸው፤ ፎርማት ደግሞ ክፍሉን ጠራርጎ ማጥፋት ነው። ስክሪኑ ላይ፣ ዴስክቶፕ በሚባለው ገጽ የደረደራችሁት ሁሉ ሲ ላይ ነው። ዳውንሎድም፣ ዶክመንትስም እንዲሁ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የድርጅቱ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ራሱ በፈጠረው ፎልደር ነው የሚቀመጠው፤ ዓይናችሁ ስላላየው የለም ማለት አይደለም። ሰኔ 30 ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት የዓመቱን መዝገብ በፎርማት ያጣ ድርጅት አውቃለሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከደረሰኝ ክምር ላይ አንድ በአንድ መልሳ ስትመዘግብ ከረመች፤ ፎርማት ያደረገው ልጅ ስልኩን ዘግቷል።

መፍትሔው የድሮውን ዲስክ አለመንካት ነው። ነቅላችሁ አስቀምጡት፤ ዊንዶውሱን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ጫኑ፣ የሚፈለገውን ኋላ ከድሮው ትቀዳላችሁ። ስትጭኑም የድሮው ኬብል ተነቅሎ ይሁን። ሁለቱ አብረው ከተሰኩ ዊንዶውስ ማስነሻውን አሮጌው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያ ዲስክ የወጣ ቀን ማሽኑ አይነሳም። ሲያልቅ ድሮውን መልሳችሁ ከሰካችሁት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤስኤስዲው መቅደሙን እዩ። «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የመጣ ደንበኛ ማሽኑ ለካ አሁንም ከድሮው ዲስክ ነበር የሚነሳው።

ራም ላይ ዓይነቱን ሳታዩ አትግዙ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች መሐላቸው ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ይለያያል፤ በጉልበት አይገባም፣ ሲጫኑት ግን ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ይሰብራል። የላፕቶፑ አጭር ነው፣ እሱን እንተወው። አደገኛዎቹ መልካቸው አንድ የሆኑት ናቸው፦ ከሰርቨር የወጣ ባለ ኢሲሲ ሬጂስተርድ ራም እና «ለኤኤምዲ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ 8 ጊጋ ዲዲአር3። ሁለቱም ኢንቴል ዴስክቶፕ ላይ ልክ ይገቡና ማሽኑ እየጮኸ አይነሳም። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚሠራ ካርድ) ለሌለው። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያስገባችሁት ሁሉ ጌጥ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ባዮስ አፕዴት አታድርጉ። መሐሉ ላይ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ልጆች ደግሞ ለጌም ግራፊክስ ካርድ ይዘው ይመጣሉ፣ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ኬዛቸውን አይለኩም። ትንሹ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አያስገባም፤ ፓወር ሰፕላዩም 240 ዋት ብቻ ነው። ለሱ 30 ዋት የሚበላው አጭሩ ጂቲ 1030 ይስማማዋል። ፓወሩን ቀይሬ ትልቅ ካርድ አስገባለሁ ያለ ደግሞ ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ከገበያው ባለ 24 ፒን ፓወር ሰፕላይ ጋር እንደማይገጥሙ ይወቅ፤ መሰኪያቸው የራሳቸው ነው።

ሰዓቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስባችሁ፣ ክሮም ድረ ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚላችሁ፦ ይኼ ቫይረስ አይደለም፣ ፎርማትም አያሻውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ሞታለች፤ ቀይሯት።

አቧራ ለማስነፋት ጎሚስታ ጋ የምትወስዱትም ተዉ። ኮምፕሬሰሩ ከአየሩ ጋር ውኃ ይተፋል፣ ያልተያዘ ፋንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክራል። በብሩሽ ጥረጉ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት ቀይሩ፣ በቃ።

ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫን ሌላው ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14፣ 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ ሰዉ ተደናግጧል። 11 በሕጉ በኢንቴል በኩል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 ከሚባለው የደህንነት ክፍል ጋር ይፈልጋል። በአቋራጭ የተጫነ ይሠራል፤ ግን ማይክሮሶፍት ለአፕዴቱ ኃላፊነት አይወስድም። ሥራችሁ ብሮውዘርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊነክስ ሚንት ሞክሩ፤ ፒችትሪ ካለበት ግን አትነካኩት።

ኮር ቱ ዱዎ የሚባል የድሮ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ኤስኤስዲ ያፈጥነዋል፣ እውነት ነው፤ ራሙ ግን ብዙውን ጊዜ የድሮው ዓይነት፣ ዲዲአር2 ነው፣ ፕሮሰሰሩም ዛሬ ያለውን ክሮም ይዞ ያቃስታል። ለሱ የምታወጡት ላይ ጨምራችሁ 8ኛ ጀነሬሽን ስላይትሊ ዩዝድ ፈልጉ፤ ኬዙን አስከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ዲስክ ሳታዩ ግን እንዳትከፍሉ።